ቴሌስኮፕን በእጅ ማሻሻል፦ ጥንቃቄው የት ላይ ነው?

ኮከብ በቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥብ መሆን አለበት። አንዳንዴ ግን ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መስታወቱን ነው። «ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ልግዛ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን መስታወቱ ምንም አልሆነም። ከጠርዙ የያዙት ሦስት ትንንሽ መያዣዎች ከልክ በላይ ጠብቀው ነው። ብርጭቆው በሦስት በኩል ሲጨመቅ በዓይን በማይታይ መጠን ይጣመማል። ኮከቡም የዚያን ጥመት ቅርጽ ይይዛል። መፍትሔው የመያዣዎቹን ቪሶች ማላላት ነው። በመያዣውና በብርጭቆው መካከል ቀጭን ወረቀት ሳይያዝ ማለፍ ከቻለ በቃ። የመያዣዎቹ ሥራ መስታወቱ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው፤ መጭመቅ አይደለም።

ቴሌስኮፕ ለማሻሻል ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ብርሃኑን የሚሰበስበው መስታወቱ ወይም ሌንሱ ነው። ምስሉን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ያለው ብረት፣ እንጨትና ፕላስቲክ ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ብረት፣ እንጨትና ፕላስቲክ በእጅ የሚሠሩ መሆናቸው ነው።

ሥራው ራሱ አዲስ አይደለም። ኒውተን በ1668 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ሲሠራ መስታወቱን ራሱ ከብረት ቅይጥ አቅልጦ ራሱ ነው የወለወለው። ሙዚቀኛ የነበረው ዊልያም ኸርሸል በ1781 ዩራነስን ያገኘው ራሱ በሠራው፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መስታወት በገባበት ቴሌስኮፕ ነው። ዛሬ የተለወጠው መሣሪያው ነው። በቶርኖ ይሠራ የነበረውን ክፍል አሁን ስሪዲ ፕሪንተር ጠረጴዛ ላይ ያወጣዋል። የሚከብደው ክፍሉን መሥራት ሳይሆን የትኛው ክፍል ምን ያህል ትክክል መሆን እንዳለበት ማወቅ ነው።

ሁሉን የሚወስነው ቁጥር

አንድም ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት የቴሌስኮፓችሁን ኤፍ ቁጥር እወቁ። የትኩረት ርዝመቱን ለመስታወቱ ስፋት ማካፈል ነው። መስታወቱ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ብርሃኑን 1000 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰበስብ ከሆነ ኤፍ 5 ነው። 2000 ላይ ከሆነ ኤፍ 10 ነው።

ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ትኩረቱ ነጥብ የሚመጣው ሰፋ ባለ ማዕዘን ነው። ከነጥቡ ትንሽ ፈቀቅ ሲባል ወዲያው ይበተናል። ስለዚህ ምስሉ ጥርት የሚልበት ቦታ ጠባብ ነው። ምን ያህል ጠባብ? ኤፍ ቁጥሩን በራሱ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ ከዚያ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አባዙ። አረንጓዴ ብርሃን 0.00055 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለኤፍ 10 ሲሰላ ከትክክለኛው ነጥብ ወደፊትም ወደኋላም 0.11 ሚሊ ሜትር ያህል መሳሳት ይቻላል ማለት ነው። ለኤፍ 5 ግን 0.03 እንኳን አይሞላም። የራስ ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ በኤፍ 5 ቴሌስኮፕ ላይ የምትጫወቱት ከፀጉር ባነሰ ልክ ነው።

መስታወቶቹን በአንድ መስመር ማስተካከሉ፣ ኮሊሜሽን የሚባለው፣ ከዚህም የባሰ ጥብቅ ነው። በፓራቦላ መስታወት መሐል ላይ ኮከብ ነጥብ ይሆናል። ወደ ዳር ሲወጣ ጭራ ያወጣል። ጭራ የማያወጣበት የመሐሉ ክብ ስፋት የሚቀንሰው በኤፍ ቁጥሩ ኩብ ልክ ነው። ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 4 ሲወረድ ያ ክብ በስፋቱ 8 ጊዜ ያንሳል። ለዚህ ነው በኤፍ 8 ቴሌስኮፕ ላይ ማንም ያላስተዋለው የመስመር ስህተት በኤፍ 4 ላይ ጁፒተርን የሚያደበዝዘው።

ይህን ካወቃችሁ ክፍሎቹ ራሳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። የብርሃኑን መንገድ የሚወስኑት፣ ማለትም የመስታወቱ አልጋ፣ የሁለተኛው መስታወት መያዣ፣ ፎከሰሩ (የዓይን ሌንሱን ወይም ካሜራውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ምስሉን የሚያጠራው ክፍል) እና የካሜራ ማያያዣው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የቀሩት፣ ማለትም ክዳኑ፣ የጤዛ መከላከያው፣ የመፈለጊያው ቴሌስኮፕ እግር፣ የመሸከሚያው እጀታና የሳጥኑ ግድግዳ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱም ማንም አያውቅም። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ በግልባጩ ሲደክሙ ይታያል። እጀታውን ለሳምንት ይሞርዱና ፎከሰሩን እንደነገሩ ይተዉታል።

ፎከሰሩ

በርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ይኼ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ምስሉ ወደ ጎን ይዘላል። እጃችሁን ስታነሱ ደግሞ ይመለሳል። ምክንያቱ ተንሸራታቹ ቱቦ በመኖሪያው ውስጥ ክፍተት ስላለው ነው። ጥርስ በጥርስ የሚሄድ ከሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ይጨመራል።

ቀላሉ ጥገና መፍታት ነው። ፋብሪካ የቀባውን የሚያጣብቅ ቅባት በነዳጅ ወይም በአልኮል አጥቦ፣ ቱቦው በሚንሸራተትበት ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን የቴፍሎን ቁራጭ መለጠፍ። ክፍተቱ ይሞላል፣ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ሁለተኛው ቀላል ነገር የቁልፉን ስፋት መጨመር ነው። ይኼ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ስሌቱን እንየው።

ቁልፉ አንድ ዙር ሲዞር ቱቦው 20 ሚሊ ሜትር ይሄዳል እንበል። በኤፍ 5 ጥርት የሚልበት ጠቅላላ ቦታ ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 0.055 ሚሊ ሜትር ነው። ቁልፉ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ያንን ቦታ ለማለፍ ጣታችሁ የሚንቀሳቀሰው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በብርድ፣ በጨለማ፣ በጣት ይህን መቆጣጠር አይቻልም። በቁልፉ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ብታስሩበት ግን የጣታችሁ እንቅስቃሴ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ይህን እጅ ይችለዋል። ሰፋ ያለ የማሰሮ ክዳን መሐሉን በስቶ ማሰር ይበቃል። ክፍሉ ዋጋ የለውም፤ ለውጡ ግን በመጀመሪያው ምሽት ይታያል።

ሙሉ ፎከሰር መሥራት ለፈለገ የክሬይፎርድ ዓይነቱ ለቤት ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ያወጣው ጆን ዎል የሚባል በእንግሊዝ የክሬይፎርድ አማተር የሥነ ፈለክ ማኅበር አባል ነበር። ጥርስ የለውም። ቱቦው በአራት ትንንሽ ኩሽኔቶች ላይ ይጋደማል። ከተቃራኒው በኩል ቀጭን የብረት ዘንግ ይጫነዋል። ዘንጉ ሲዞር በሰበቃ ብቻ ቱቦውን ይገፋዋል። ቱቦው ሁልጊዜ በኩሽኔቶቹ ላይ ተጭኖ ስለሚቆይ ክፍተት የሚባል ነገር አይኖርም። ጥበቡ ይኼ ነው፦ ትክክለኛነቱ የሚመጣው ከረቀቀ ቆረጣ ሳይሆን ከግፊት ነው። ስለዚህ አካሉን ከኮምፔንሳቶ ብትሠሩትም ይሠራል። ድክመቱ ከባድ ካሜራ ሲሰቀልበት ዘንጉ መንሸራተቱ ነው። ለዓይን ብቻ ከሆነ ግን ከዚህ የሚያስደስት ነገር የለም።

የዓይን ሌንሱን የሚይዘው ቪስም አንድ ቃል ይገባዋል። ቪሱ አንድ ብቻ ከሆነ ሌንሱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ኮሊሜሽን ለማስተካከል ሌዘር ስታስገቡም እንዲሁ ይገፋዋል፤ ያስተካከላችሁት ሁሉ ውሸት ይሆናል። በ120 ዲግሪ ርቀት ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች በስታችሁ ክር አውጡና ሦስቱንም እኩል አጥብቁ።

ካሜራ ሲመጣ

ዓይን ቸር ነው፤ ትንሽ የትኩረት ስህተትን ራሱ ያስተካክላል። ካሜራ አያስተካክልም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ 0.23 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ቅድም ካገኘነው 0.03 ጋር አስተያዩት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያስተካከላችሁት ፎከስ እኩለ ሌሊት ላይ በስምንት እጥፍ ተሳስቷል። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ፎከሰሩ ላይ ሞተር የሚገጥሙት በስንፍና አይደለም።

ሞተሩን መሥራት ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። 28ቢዋይጄ-48 የሚባለው ትንሽ ስቴፐር ሞተር ከነማርሹ በአንድ ዙር 2048 እርምጃ ይራመዳል። አንድ ዙር 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ እርምጃ 0.01 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለኤፍ 5 ይበቃል። አርዱኢኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ያዘዋል። የሚያስቸግረው የሞተሩ ማርሽ ክፍተት ስላለው አቅጣጫ ሲቀየር የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ምንም ሳይገፉ መቅረታቸው ነው። ለዚህ የሚሆነው መላ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መድረስ ነው። መመለስ ካስፈለገ አልፎ ሄዶ እንደገና በዚያው አቅጣጫ መምጣት። አቅጣጫው ካሜራውን ወደ ላይ የሚገፋው ቢሆን ይመረጣል፤ ክብደቱ ራሱ ጥርሶቹን አጣብቆ ይይዛቸዋል።

ፎከሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የባህቲኖቭ ማስክ አለ። ሩሲያዊው ፓቬል ባህቲኖቭ በ2005 ያወጣው ነው። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚደረግ፣ በሦስት አቅጣጫ የተሰነጠቀ ክብ ነው። ደማቅ ኮከብ ላይ ስታነጣጥሩ ሦስት የብርሃን ጭረቶች ይወጣሉ። ሁለቱ ኤክስ ይሠራሉ። ሦስተኛው በመሐል ያልፋል። መሐሉ ላይ በትክክል ካለፈ ፎከሱ ሞልቷል። ወደ ጎን ካዘነበለ ገና ነው። ከጠንካራ ካርቶን በምላጭ ተቆርጦም ይሠራል፤ ስንጥቆቹ ቀጥ ያሉና እኩል ይሁኑ እንጂ።

በኒውተን ዓይነት ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ የገጠመ ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። ፎከሰሩ እስከ መጨረሻው ገብቶም ምስሉ ጥርት አይልም። የትኩረቱ ነጥብ ከካሜራው ሴንሰር በፊት ቀርቷል ማለት ነው። አጠር ያለ ፎከሰር መግዛት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ዋናውን መስታወት በቱቦው ውስጥ ወደ ፊት መግፋት ነው። መስታወቱን 30 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ብታመጡት የትኩረቱ ነጥብም በፎከሰሩ በኩል 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ረዘም ያሉ ብሎኖችና ጠንካራ ሞላዎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

በምስሉ ዳር ያሉትን ኮከቦች የሚያስተካክል ሌንስ ከካሜራው ፊት ከተጨመረ ደግሞ ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ይወሰናል። ብዙዎቹ የተሠሩት ለ55 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የመጣው ከድሮ የካሜራ ማያያዣ ልኬት ነው። በካነን ኢኤፍ ካሜራ ላይ ከአፉ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሲጨመር 55 ይሞላል። በመሐል የብርጭቆ ፊልተር ካስገባችሁ የውፍረቱን ሲሶ ያህል ርቀቱን ጨምሩ።

ስለ ስሪዲ ፕሪንተር

ስሪዲ ፕሪንተር ለዚህ ሥራ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ሁሉን ነገር አይሠራም። የዓይን ሌንስ አንገት 31.75 ወይም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። በዚሁ ቁጥር ቀዳዳ ብታትሙ አይገባም። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፣ የቀዳዳው ግድግዳም ወደ ውስጥ ይወፍራል። 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሙሉውን ክፍል ሳይሆን 5 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ቀለበት ብቻ አትማችሁ ሞክሩ። በጥቂት ደቂቃ ታልቃለች፤ የሰዓታት ሥራ ታድናለች።

ክርን በተመለከተ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ደቃቅ ክር አታትሙ። ካሜራ የሚታሰርበት ኤም 42 ክር በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፕሪንተሩ በ0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር እየሠራ እዚያ ላይ አራት ንብርብር እንኳን አይሞላም። ክሩ ይያዛል፣ ይበላል፤ ካሜራችሁንም ይጥላል። የብረት ቀለበት ገዝታችሁ በታተመው አካል ውስጥ በኢፖክሲ አጣብቁት ወይም በብሎን እሰሩት። አካሉ ፕላስቲክ፣ ክሩ ብረት ይሁን።

የፕላስቲኩ ዓይነትም ይታሰብበት። ፒኤልኤ ለማተም ምቹ ነው፤ ግን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ወደዚያ መድረስ ከባድ አይደለም። ከሙቀቱም በላይ ፒኤልኤ በብሎን ተጨምቆ ሲቆይ ቀስ እያለ ይሸሻል። ዛሬ ያጠበቃችሁት ከወር በኋላ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ፒኢቲጂ ይሻላል። ውጭ ፀሐይ ላይ ለሚውል ነገር ደግሞ ኤኤስኤ የተሻለ ነው፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይችላል፣ ፀሐይም ቶሎ አትበላውም።

መስታወቱ የሚተኛበት

የመስታወቱ አልጋ ከኋላ በሦስት ብሎንና ሞላ ይስተካከላል። ርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ ሞላዎቹ ደካማ ናቸው። ቴሌስኮፑ ከአንዱ የሰማይ አቅጣጫ ወደ ሌላው ሲዞር መስታወቱ በክብደቱ ይዘማል፤ ኮሊሜሽኑም አብሮ ይሄዳል። ሰው በዚህ ጊዜ የመቆለፊያ ብሎኖቹን አጥብቆ ለማሰር ይሞክራል። እነሱ ደግሞ ሲጠብቁ አልጋውን ይገፉታል። መድኃኒቱ ወፈር ባለ ሽቦ የተሠራ ጠንካራ ሞላ መግጠም ነው። ሞላው የመስታወቱን ክብደት በሚገባ ከተሸከመ መቆለፊያው ጨርሶ አያስፈልግም።

ሌላው የአልጋው ጉዳይ ሙቀት ነው። ወፍራም ብርጭቆ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ከቤት ወጥቶ ከአየሩ ሞቆ ከቆየ ፊቱ ላይ ያለውን አየር ያሞቀዋል። ያ አየር እየተነሳ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ሰው «ዛሬ ሰማዩ ተረብሿል» ይላል፤ የተረበሸው ግን ቱቦው ውስጥ ያለው ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ከመስታወቱ ጀርባ ቢደረግ የማቀዝቀዣውን ጊዜ ያሳጥረዋል። በብሎን አትሰሩት። በአራት የላስቲክ ቁራጭ አንጠልጥሉት። አለበለዚያ ንዝረቱ ወደ መስታወቱ ያልፋል።

ከፊት በኩል ሁለተኛውን ትንሽ መስታወት የሚይዙት ቀጫጭን እግሮች አሉ። በደማቅ ኮከብ ዙሪያ የሚታዩት የብርሃን ሾሎች ከእነሱ የሚመጡ ናቸው። አንድ እግር በሁለት በኩል ሾል ያወጣል። እግሮቹ አራት ሆነው ፊት ለፊት ከተያዩ ሾሎቹ ይደራረቡና አራት ብቻ ይታያሉ። ሦስት ከሆኑ ስድስት ይሆናሉ። አዲስ እግር የሚሠራ ሰው ስስ የብረት ቆርቆሮ ይጠቀም፤ ፊት ለፊት ያሉትም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሁኑ። ትንሽ ከተዛነፉ ሾሉ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ጨለማውን ማጥቆር

የዓይን ሌንሱን አውጥታችሁ ቀን ላይ ቴሌስኮፑን ከፀሐይ ርቆ ወዳለ ብሩህ ግድግዳ አዙሩና በባዶው ፎከሰር ውስጥ ተመልከቱ። ግራጫ ሆኖ የሚያበራ ነገር ሁሉ ማታ ላይ የጨረቃንና የመንገድ መብራትን ብርሃን ወደ ምስሉ የሚረጭ ነው። በተለይ ከፎከሰሩ ትይዩ ያለውን የቱቦውን ግድግዳ ተመልከቱ። ጥቁር ከፈይ ወይም ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ቀለም ይቀይረዋል። ቀለሙ ላይ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ቢነሰነስበት ሻካራነቱ የበለጠ ያጠቁረዋል። ለፎቶ ከሆነ ተጠንቀቁ፦ ለዓይን ጥቁር የሆነ አንዳንድ ፕላስቲክና ጨርቅ ከቀይ በታች ያለውን ብርሃን በደንብ ይመልሳል፤ ካሜራው ደግሞ ያየዋል።

ጤዛን የሚከላከል ቱቦ ከማንኛውም ስስ ነገር ይሠራል። ርዝመቱ ከቴሌስኮፑ አፍ ስፋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን። ካልበቃ ማሞቂያ ይጨመራል። 330 ኦም የሆኑ አሥር ሬዚስተሮች ጎን ለጎን በ12 ቮልት ሲታሰሩ በድምሩ 4.4 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ወደ 0.44 ዋት ስለሚደርሰው ባለ 1 ዋቱን ምረጡ፤ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ አይቅር።

የዶብሰን ሳጥን

ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ገዳም ውስጥ የነበረ መነኩሴ ነው። በ1960ዎቹ ከተጣለ ወፍራም ብርጭቆ መስታወት እየሠራ፣ ከካርቶን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ ቴሌስኮፕ ያቆም ነበር። ከዚያም መንገድ ላይ አውጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን ያሳያል። ቴሌስኮፑ የሚቆምበትና የሚዞርበት የእንጨት ሳጥን ዛሬ በስሙ ይጠራል። በቀላሉ አታዩት፤ ውስጡ እውነተኛ ፊዚክስ አለ።

ችግሩ ይኼ ነው። በ200 እጥፍ ማጉያ የሚታየው የሰማይ ክፍል ከጨረቃ ግማሽ ስፋት አይበልጥም። ምድር ስለምትዞር አንድ ፕላኔት ያንን ክፍል በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያቋርጠዋል። ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ቴሌስኮፑን በትንሹ መግፋት አለባችሁ። በአብዛኞቹ ቁሶች ላይ ግን የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚፈልገው ጉልበት፣ ከተነሳ በኋላ ለማንቀሳቀስ ከሚፈልገው ይበልጣል። ትገፋላችሁ፣ አልሄድ ይላል፤ ትጨምራላችሁ፣ ይዘላል። ፕላኔቱ ጠፋ።

ቴፍሎን ጎርበጥ ባለ ፎርማይካ ላይ ሲሆን ሁለቱ ጉልበቶች ይቀራረባሉ። በጣት ጫፍ ትነኩታላችሁ፣ ይሄዳል፤ ስትለቁት እዚያው ይቆማል። የቴፍሎኑ ስፋት ግን መታሰብ አለበት። ጥሩው ልክ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ አካባቢ ነው። 27 ኪሎ የሚመዝን ቴሌስኮፕ በሦስት ቴፍሎን ላይ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ 9 ኪሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃል። ከሦስት በላይ አታድርጉ። በሦስት ነጥብ የቆመ ነገር አይንገዳገድም። ሳጥናችሁ ሲገፋ ከዘለለ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቴፍሎኑንና ፎርማይካውን ቀይሩ።

ሰማይን ራሱ የሚከተል መቆሚያ ላላቸው ደግሞ የሚወደደው ማሻሻያ በሞተሩ በኩል ያለውን ማርሽ በጥርሳማ ቺንጋ መተካት ነው። ማርሽ ክፍተት አለው፣ ይጮኻል፤ ቺንጋ ግን ተወጥሮ ስለሚቆይ ክፍተቱ በጣም ያንሳል። ቁጥሩን እንየው። ስቴፐር ሞተር በዙር 200 እርምጃ ይራመዳል። ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን በ16 ይከፍለዋል። ቺንጋው በ4፣ በመቆሚያው ውስጥ የሚቀረው ባለ 180 ጥርሱ ማርሽ ደግሞ በ180 ያባዛዋል። በድምሩ ለአንድ የሰማይ ዙር 2,304,000 እርምጃ ይሆናል፤ አንዱ እርምጃ 0.56 አርክ ሰከንድ ነው (አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። ሰማይ በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ስለሚሄድ ሞተሩ በሰከንድ 27 ያህል እርምጃ ይራመዳል። ኦንስቴፕ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ ይሠራላችኋል፤ የእናንተ ድርሻ እነዚህን ቁጥሮች በትክክል ማስገባት ነው።

መስታወቱንስ በእጅ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ሁለት ክብ ብርጭቆዎች በመሐላቸው ካርቦራንደም የሚባል ጠንካራ የመፈተጊያ ዱቄትና ውኃ ተደርጎ አንዱ ባንዱ ላይ ሲፈተግ የላይኛው ይጎደጉዳል፣ የታችኛው ያብጣል። በሁሉም አቅጣጫ እየተንሸራተቱ መግጠም የሚችሉት የኳስ ቅርጽ ያላቸው ገጾች ብቻ ስለሆኑ ቅርጹ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ለ200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 6 መስታወት የሚፈለገው ጉድጓድ መሐሉ ላይ 2.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀጥሎ ዱቄቱ እየደቀቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻ በሬንጅ ገጽና ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል የመወልወያ ዱቄት ይወለወላል።

ከኳሱ ወደ ፓራቦላ መሸጋገሩ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። የሚፈቀደው ስህተት 0.00007 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚለካው ግን ምላጭና ትንሽ መብራት ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ ነው። ከመስታወቱ የተመለሰውን ብርሃን በምላጭ ጠርዝ ስትቆርጡት በገጹ ላይ ያለው እብጠትና ጉድጓድ በጥላ ይገለጣል። ዛሬ መብራቱ ኤልኢዲ ሆኗል፤ ምላጩ ያው ምላጭ ነው። እኔ ግን ጀማሪን ከዚህ እንዲጀምር አልመክርም። መጀመሪያ ፎከሰሩን፣ አልጋውንና ሳጥኑን ያስተካክል። ጥሩ መስታወት በመጥፎ አልጋ ላይ ልፋቱን ያባክናል።

ፀሐይ

እስካሁን ያወራነው ስህተት ሁሉ ምስል ያደበዝዛል እንጂ ሰው አይጎዳም። በፀሐይ ፊልተር ላይ የሚሠራ ስህተት ግን ዓይን ያጠፋል። እዚህ ላይ እናንተ የምትሠሩት ቀለበቱን ብቻ ነው። ፊልሙ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ለዓይን የሚሆነው ከፀሐይ ብርሃን ከመቶ ሺህ አንዱን ብቻ የሚያሳልፈው ነው። ለፎቶ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ቀለል ያለም አለ፤ በእሱ በዓይን አይታይም። የራጅ ፊልም፣ የብየዳ መነጽር ቁራጭ፣ የብስኩት መጠቅለያ አይሆንም።

ፊልተሩ የሚገባው በቴሌስኮፑ አፍ በኩል፣ ከፊት ነው። ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚታሰር ትንሽ ጥቁር ብርጭቆ ካላችሁ አስወግዱት፤ የተሰበሰበው ሙቀት በድንገት ይሰነጥቀዋል። ቀለበቱ ከውጭ በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቱቦውን ጠብቆ ይያዝ። ነፋስም ሆነ የሚያልፍ ሰው ክንድ እንዳያወልቀው በሁለት በኩል በቴፕ ይታሰር። ፊልሙን አትወጥሩት፤ ሲጨማደድ ምስሉን አያበላሽም፣ ሲወጠር ግን ያበላሻል። የመፈለጊያውን ትንሽ ቴሌስኮፕ ንቀሉት ወይም አፉን ሸፍኑት። ቀን ላይ ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት በእሱ ነው። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በፊት ፊልሙን ወደ ብሩህ አምፖል አቅርባችሁ እዩት። አንዲት ቀዳዳ እንኳን ከታየች ፊልሙን ጣሉት፤ ቀለበቱን ግን ለሚቀጥለው አስቀምጡት።